አክስቴ በሕግ ሞግዚቴ እንጂ ወላጄ አይደለችም

በአሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ የሚሻ ተማሪ ሁሉ ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። ዕድሜው 24 ዓመት ያልሞላ ተማሪ፣ ያላገባ፣ ልጅ የማያሳድግና በውትድርና ያላገለገለ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ ጥገኛ ተብሎ የወላጆቹ ገቢ ይጠየቃል። ሆኖም ለአካለ መጠን ሳይደርስ ፍርድ ቤት ከወላጆቹ ሌላ ሕጋዊ ሞግዚት የሾመለት ልጅ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል። እኔም በልጅነቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሜሪላንድ አክስቴ ዘንድ ያደግሁ፣ ሞግዚትነቷም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የጸደቀ ተማሪ ነኝ።

ቅጹን በእውነት ሞልቼ፣ ማኅተም ያለበትን የትእዛዙን ግልባጭ ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ላክሁ። ያገኘሁት ምላሽ ግን «የአክስትሽን የታክስ ሰነድና ደብልዩ ቱ (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ መግለጫ) አምጪ» የሚል ነው። ሞግዚት ወላጅ እንዳልሆነች ቅጹ ራሱ በግልጽ ይናገራል፤ ገቢዋም በቅጹ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህንን በስልክ ባስረዳሁ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሣል፤ ታሪኬንም «ወላጆችሽ የት ናቸው?» ከሚለው ጥያቄ ጀምሬ እንደ አዲስ እናገራለሁ። ይህ ጥያቄ ለማንም ቀላል አይደለም፤ በየጊዜው ለማላውቀው ሰው መመለስ ደግሞ በጣም ያማል።

አክስቴ ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት የራሷን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ሴት ናት። ወረቀቱን ለመስጠት አላቅማማችም፤ ዘመዶቻችንም «ምን አለበት፣ ስጫቸውና ይለቁሽ» ይሉኛል። እኔ ግን እንቢ ብያለሁ። የእሷ ደመወዝ እንደ ወላጅ ገቢ ከተመዘገበ እኔ የፈረምኩበት ቅጽ ሐሰት ይሆናል፤ በእ.ኤ.አ. 2025/26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው፣ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታም ሊቀንስብኝ ወይም ጨርሶ ሊቀርብኝ ይችላል። የፌዴራል የተማሪ ብድሩም ቢሆን ራሱን ለቻለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከ 9,500 ዶላር ሲሆን፣ ለጥገኛ ተማሪ በአብዛኛው 5,500 ነው። ልዩነቱን ከየት አመጣለሁ? እሷስ ከየት ታመጣለች?

ቢሮው ማጣራት መብቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚጣራው ሰነድ በእጁ ነው። ፋይሌ «ሰነድ ይጎድላል» እንደተባለ የክፍያው ቀን አልፎ ምዝገባዬ ታግዷል። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ፣ የጎደለ ነገር ካለም ምን እንደሆነ በጽሑፍ የሚነግረኝ አንድ ሠራተኛ እንዲመደብልኝ ዛሬም ጠይቄአለሁ።