ጠላታችን ጣሪያ ላይ ነው

በቴሌቪዥን የምናውቀውን ሰው መንገድ ላይ ስናገኘው አፋችን ላይ የሚመጣው ነገር «ውይ! በቲቪ ግን…» ነው። ከዚያ ቶሎ ብለን እንውጠዋለን። ለጨዋነት ያህል። ሰውየው ግን ቀሪውን አሳምሮ ያውቀዋል። በቲቪ ግን ወዝ ነበረህ፣ በቲቪ ግን ዓይንህ ያበራ ነበር፣ ያ ከዓይንህ ስር ያለው እብጠት ደግሞ ከየት መጣ? ምስኪን! ጥፋቱ መብራቱን ስቱዲዮ ትቶት መውጣቱ ነው።

እስቲ እዚያ ምን እንደሚደረግለት እንይ። ሰውየው ዜና ሊያነብ ይቀመጣል። ኪ ላይት የሚሉት ዋናው መብራት ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ይበራለታል። ፊቱ ቅርጽ ያወጣል። ግን አፍንጫው ጉንጩ ላይ ጥላ ይጥላል። ችግር የለም፣ በሌላኛው ጎን ደከም ያለ ፊል ላይት ይመጣና ጥላውን ያለዝበዋል። ሦስተኛው ባክ ላይት ከጀርባው ሆኖ ፀጉሩና ትከሻው ዙሪያ ቀጭን ብርሃን ይሰራለታል፣ አለበለዚያ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ሦስት መብራት ለአንድ ሰው! እኛ አንዷን አምፖል ለቤተሰብ እየተካፈልን እኮ ነው መስታወት ፊት ቆመን በፈጣሪ የምናማርረው።

ደግሞ መብራቱ እርቃኑን አይመጣም። ሶፍትቦክስ በሚሉት ፊቱ ጨርቅ በሆነ ሳጥን ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ብርሃኑ የሚወጣበት ነገር ሰፊ ሲሆንና ወደ ፊት ሲጠጋ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ካሜራ ደግሞ የፊት መጨማደድን የሚያየው በጥላው ስለሆነ ጥላው ሲሳሳ መጨማደዱም አብሮ ይሳሳል። ክሬም ሻጮች ዘመናችንን ሙሉ ቃል ሲገቡልን የኖሩትን ነገር አንድ ስስ ጨርቅ ቆማ ትሰራዋለች። ያውም ሳትቀባ።

ይሄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ተዋናይቷ ሜርል ኦበሮን እ.ኤ.አ. በ1937 የመኪና አደጋ ደርሶባት ፊቷ ላይ ጠባሳ ቀርቶባት ነበር። ሉሲያን ባላርድ የተባለ የካሜራ ባለሙያ ከካሜራው አጠገብ ትንሽ መብራት ገጠመላት። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲያርፍባት ጥላ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ጠባሳውም አብሮ ጠፋ። መብራቱ በስሟ ቁልምጫ «ኦቢ» ተባለ። በ1945 ደግሞ ተጋቡ። ምን ይገርማል? ጠባሳዬን በአንድ አምፖል የሚያጠፋልኝ ሰው ባገኝ እኔም አላንገራግርም።

መብራቱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓውደርም አለ። ሪቻርድ ኒክሰንን ያየ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ከተፎካካሪው ከኬኔዲ ጋር በቴሌቪዥን ሲከራከር ከሆስፒታል ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር፣ ሜካፕ ባለሙያም አልፈልግም ብሎ ነበር። ፊቱ ገርጥቶ፣ አገጩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ታየ። ከዚያ ወዲህ የተናገረውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፣ ላቡን ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የቤታችን አምፖል የት ነው የተሰቀለው? ልክ ከአናታችን በላይ! ቅንድባችን ዓይናችን ላይ ጥላ ይጥላል፣ አፍንጫችን ከንፈራችን ላይ ጢም ያበቅላል፣ ከዓይናችን ስር ያለችው ትንሽ እብጠት ደግሞ ተራራ ታክላለች። በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ በየማለዳው «አረጀሁ» ብለን ውሳኔ የምናሳልፈው። ሊፍት ውስጥማ አይወራም። መስታወቱም አምፖሉም ተባብረው ሲጠብቁን።

የቪዲዮ ስብሰባ የመጣ ጊዜ ደግሞ ጉዳችን ለሁሉም ታየ። አንዱ መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጥና ማንነቱ እንዲደበቅለት የጠየቀ ምስክር ይመስላል። ሌላው በግራ የአምፖል፣ በቀኝ የመስኮት ብርሃን ይዞ ይመጣል። የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን የቤት አምፖል ወደ 2700፣ የቀን ብርሃን ወደ 5600 ስለሆነ ግማሽ ፊቱ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ስለ ሩብ ዓመቱ ዕቅድ ያስረዳናል። ኧረ ወንድሜ፣ ዞር በልና መስኮቱን ፊት ለፊት እየው! ነፃ ኪ ላይት እኮ ነው።

የነቁት ሪንግ ላይት የሚሉትን የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት ገዝተዋል። ደስ ይላል፣ ፊት ጥርት ይላል፣ ግን ይሄ መብራት ምስጢር አይጠብቅም። ዓይን ብሌን ውስጥ ክብ ቀለበት ጥሎ ይሄዳል። እና አንዷ «ገና ከእንቅልፌ ስነሳ፣ ምንም ሳልነካካ» ብላ ፎቶ ስትለጥፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ዓይኗን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት። ቀለበቱ ካለ መብራቱ ከእሷ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው።