እድርም ቅንጦት ሆነ?

ወገን፣ ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ልተንፍሰው።

ለሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሆኜ ነበር። ሰውየው ደብረ ብርሃንን ለቆ ሄደ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ዕዳው እኔ ላይ አረፈ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ነገር አለች። እሷ ካለች አበዳሪው ተበዳሪውን ፍለጋ አይንከራተትም፤ ቀጥ ብሎ ዋሱ ደጅ ነው። «ማን ዋስ ሁን አለህ?» ልትሉኝ ነው፣ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ዛሬ እሱን እምቢ ብል፣ ነገ ልጄ ታሞብኝ ስበደር ለእኔስ ማን ይፈርማል?

ፍርድ ቤቱ ክፈል ብሎኛል፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ። ዕዳም ይከፈላል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እየከፈልኩ በምን ልኑር?

ሕጉን አንብቤዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው፣ አንቀጽ 404። ባለዕዳ ላይ የማይነካውን ይዘረዝራል። ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ አይወሰድም። የሙያ መሣሪያ አይወሰድም። ገበሬ ከሆንክ ለኑሮህ የሚያስፈልጉህ ከብቶችና ዘር አይነኩም። ለአንተና ለቤተሰብህ የሦስት ወር ምግብና ገንዘብ ይተዉልሃል። ከደመወዝህም ሁለት ሦስተኛው አይነካም፤ የሚቆረጠው ሲሶው ነው።

ደግ ሕግ ነው፣ አልዋሽም። የጻፈው ሰው የመንዝን ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። በሬውን ከወሰድክበት ዕዳውን በምን ይከፍላል? ገብቶታል። የደብረ ብርሃን ተከራይ ግን ትዝም አላለው። የቤት ኪራይ የምትል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። የሦስት ወር ምግብስ? ደመወዝተኛ ቤት የሦስት ወር ቀለብ ተቀምጦ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። እኔ ቤት ወር እስኪደርስ የሚቆይ በርበሬ ካለ እሰየው ነው።

ደግሞ እዚያው ላይ፣ ደመወዙ በቀን ከ2 ብር ካልበለጠ ጭራሽ አይነካም ይላል። 2 ብር! በወር 60 ብር መሆኑ ነው። ያኔ ለድሃው ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ በወር 60 ብር የሚከፈለው ደመወዝተኛ ከየት ይምጣ? ጥበቃው ወረቀቱ ላይ አለ፣ በእሱ የሚጠበቅ ሰው የለም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጥቅል ደመወዜ 9,000 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር ማስከፈያ 1,400 ብር ግብር ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 630 ብር። የእኛ ሒሳብ ሹም ሲሶውን ያሰላው ደግሞ ከጥቅሉ ነው እንጂ እጄ ላይ ከሚደርሰው አይደለም፤ 3,000 ብር። ቀረኝ 3,970። ኪራይ 2,500። የተረፈው 1,470 ብር ለአራት ነፍስ ነው። የድሮ ሰው «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይል ነበር። እኔ አራሹ ሲሶዬም አልደረሰችኝ።

ስለዚህ ቆረጣው ይቀነስልኝና ጊዜው ይርዘም ብዬ የወር ወጪዬን ዘርዝሬ ለፍርድ ቤቱ አመለከትኩ። የአበዳሪው ነገረ ፈጅ ወረቀቱን ተቀብሎ በእስክሪብቶ ይወርድበት ጀመር። ጤፍ፣ ዘይት፣ ደብተር፣ እሺ። ከሰል ላይ ሲደርስ ቆመ። «መብራት አለ፣ ከሰሉ ለምንድነው?» ወንድሜ፣ እንደ ሸዋሮቢት ቆላ መሰለህ እንዴ? 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው! በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሕጉ ብርድ ልብሴን ይተውልኛል፣ ነገረ ፈጁ ከሰሌን ይሰርዛል።

ቀጠለ። «ቡናውን ቢቀንሱትስ?» ቡናው እኮ የእኔ ብቻ አይደለም። ከጎረቤት ጋር በተራ ነው የምናፈላው። ተራዬ ሲደርስ በሬን ልዝጋ?

እድር ላይ ግን ደሜ ፈላ። አሰመረበትና «ይህ በፈቃደኝነት የሚከፈል ነው» አለኝ። በፈቃደኝነት! እናንተዬ፣ እድር ካቋረጥኩ ቅጣት አለ፣ ከመዝገብ መውጣት አለ። ነገ ከቤቴ ሰው ቢሞት ድንኳኑን ማን ይተክላል? ወንበሩን፣ ድስቱን ማን ያመጣል? አበዳሪው ተቋም ንፍሮ ቀቅሎ ሊመጣ ነው? ብር ሳይኖር በብድር የሚከፈል ወጪ ቢኖር እድር ነው። እሱ ግን ከቡናው ጋር ደመረው።

ይባስ ብሎ እናቴ ከመሐል ሜዳ በመኪና የላከችልኝን ገብስ ሰምቷል። ከየት እንደሰማ እግዜር ይወቀው፣ የእኛ ከተማ ወሬ ፈጣን ነው። «ከቤተሰብ የእህል ድጋፍ ያገኛል» ብሎ መልሱ ላይ አሰፈረው። አሮጊቷ እናቴ ለልጅ ልጆቿ በሶ ብላ የላከችው የእኔ ገቢ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ብትሰማ እስከ ደብረ ብርሃን በእግሯ ትመጣበታለች።

አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ባለዕዳው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ኪሳራ የሚባል መንገድ አለው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ስለ ኪሳራ በሰፊው ይናገራል። የከሰረ ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን የሚያደራጅበት ሥርዓት ተበጅቶለታል። ያ ሁሉ ግን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ደመወዝተኛ በሕግ አይከስርም! ተራቁቶም አይከስርም። ዕዳው እስኪያልቅ ሲሶው በየወሩ ይሄዳል፣ የቀረው ይብቃው አይብቃው የሚጠይቅ ወረቀት የለም፤ ካልጠየቅክ። ስትጠይቅ ደግሞ ነገረ ፈጁ እስክሪብቶውን ያወጣል።

ቀጠሮዬ ለሚቀጥለው ወር ነው። ዝርዝሩን እንደገና ጽፌዋለሁ። ከሰሉም አለ፣ ቡናውም አለ፣ እድሩም አለ፤ በዚህ ጊዜ የእድሩን ደብተርና የመተዳደሪያ ደንቡን ኮፒ አያይዤበታለሁ። ከእናንተ መካከል ፍርድ ቤት እድርን የግድ ወጪ ነው ብሎ የተቀበለለት ሰው ካለ፣ ውሳኔውን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን ሸፍኑት፣ እኔ የምፈልገው ዳኛው የጻፈውን ብቻ ነው።