ጀግናውን አመስግኖ ወገኑን የሚሰድብ ድንጋይ

በምሥራቅ ፖላንድ፣ ኮትስክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የፈረሰኛው መኮንን የቤሬክ ዮሴሌቪች መቃብር የሆነ የአፈር ጉብታ አለ። መኮንኑ በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ በ1909 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። ድንጋዩ ማዕረጉንና ኒሻኖቹን ከዘረዘረ በኋላ፣ ይህ አይሁዳዊ ዝናን ያተረፈው በማጭበርበር ወይም በመለኪያ ሳይሆን በደሙ መሆኑን ይናገራል። መለኪያ የተባለችው አይሁዳውያን በሚያስተዳድሯቸው መጠጥ ቤቶች አረቄ የሚሰፈርባት ናት። ሟቹን ለማክበር የተጻፈው ቃል፣ የተቀሩት ወገኖቹ አጭበርባሪዎችና አረቄ ሻጮች ናቸው ማለቱ ነው። ይህን ምስጋና ልቀበለው አልችልም፤ የሰውዬው ሕይወት ራሱ ይቃወመዋልና።

ዮሴሌቪች በ1764 ገደማ በሊትዌኒያ፣ በክሬቲንጋ ተወለደ። ለቪልና (የዛሬዋ ቪልኒየስ) ጳጳስ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ሲሠራ እስከ ፓሪስ ተጉዟል። በ1794፣ ሩሲያና ፕሩሲያ የፖላንድን ግዛት ዳግመኛ በተቀራመቱ ማግስት፣ የፖላንዱ ጄኔራል ታዴዎሽ ኮሽቹሽኮ ሕዝቡን ለአመፅ ሲያስነሣ፣ የአይሁዳውያን ቀላል ፈረሰኛ ክፍለ ጦር እንዲቋቋም በመስከረም ፈቀደ። ዮሴሌቪችም ጥቅምት 1 ቀን ለወገኖቹ በገዛ ቋንቋቸው፣ በዪዲሽ፣ የክተት ጥሪ አወጣ። ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች በፈቃዳቸው ዘመቱ። ሕጉ እንደ ሙሉ ዜጋ የማይቆጥራቸው ሰዎች ለዚያች አገር ነፍሳቸውን ሊሰጡ ሲወጡ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝም ይህ ነው።

ኅዳር 4 ቀን የሩሲያው ጄኔራል የሱቮሮቭ ጦር የዋርሶን ምሥራቃዊ ዳርቻ ፕራጋን ሰብሮ ሲገባ ክፍለ ጦሩ ከሞላ ጎደል አለቀ፤ በዚያው ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ተጨፈጨፉ።

ዮሴሌቪች ግን ተርፎ ተሰደደ፤ በናፖሊዮን ሥር በተቋቋሙት የፖላንድ ሌጌዎኖች ተዋጋ። ናፖሊዮን ያቋቋመው የፖላንድ መንግሥት፣ የዋርሶ ዱቺ፣ ሲመሠረት ተመልሶ የፈረሰኛ እስኳድሮን አዛዥ ሆነ፤ ቪርቱቲ ሚሊታሪ የተባለውን የፖላንድ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻንና የፈረንሳይን የክብር ሌጌዎን ተሸለመ። ሆኖም በጥቅምት 1808 የዱቺው መንግሥት የአይሁዳውያንን የፖለቲካ መብት ለ10 ዓመት አገደ። መኮንኑ ግን የዚያኑ መንግሥት የደንብ ልብስ እንደለበሰ አገልግሎቱን ቀጠለ፤ ሰባት ወር ያህል ቆይቶም፣ ግንቦት 5 ቀን 1809፣ ከኦስትሪያ ፈረሰኞች ጋር ሲዋጋ ኮትስክ ላይ ወደቀ። ልጁ ዩዜፍም ሩሲያን በመቃወም በ1830 በተነሣው አመፅ፣ የአይሁዳውያን ጦር እንዲቋቋም እንደ አባቱ ጥሪ አቅርቧል።

ድንጋዩ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ስለሆነ ይነቀል አልልም። ነገር ግን ጎብኚ የሚያነበው ሌላ ጽሑፍ አጠገቡ መቆም አለበት፤ በ1794 የዘመቱትን 500 ሰዎችና በ1808 የታገደውን መብት የሚያወሳ።