ማስተካከያ፦ እግር ከተራዘመ በኋላ ብረቱ መቼ ይወጣል?

እግር ሲራዘም አጥንቱ ተቆርጦ፣ ከውጭ በሚታሰር ብረት ቀስ በቀስ ይሳባል፤ በሚፈጠረው ክፍተትም አዲስ አጥንት ይሠራል። ባለፈው ጽሑፍ «ራጁ ላይ ክፍተቱ ነጣ ካለ ብረቱ ይወጣል» ተብሎ ነበር። ይህ ይስተካከል። መንጣቱ ብቻውን አይበቃም። ራጅ ከፊትና ከጎን ይነሳል። በእያንዳንዱ ላይ 2፣ በድምሩ 4 የአጥንት ጠርዝ ይታያል። ሐኪሞች በአብዛኛው የሚጠብቁት ቢያንስ 3ቱ ሳይቆራረጡ ተያይዘው እንዲታዩ ነው። ብረቱ ቀድሞ ከወጣ አዲሱ አጥንት ሊጎብጥ፣ ሊሰበርም ይችላል። እዚህ ላይ መቸኮል በጣም ያስፈራል።

እግሩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል በሚሳብበት ወቅት ራጁ ላይ በክፍተቱ መሃል የሚታየው ጠቆር ያለ መስመር ግን አያስደንግጣችሁ። አጥንቱ ገና እየተሠራ ነው።

ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ ለቀጠሮ የምትሄዱ፣ የድሮዎቹን ራጆች አትርሱ። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ማንሳት ንጣቱን ስለሚለውጠው ዋናውን ያዙ። ለውጡ የሚለየው ሲነጻጸር ነው።