75 ሰዓትና አንድ ሃይላንድ ውሃ

ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ትማራለች። አምና አንድ ማታ "አባዬ፣ የሻንጣ ሚዛኑን ልውሰደው?" አለችኝ። ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ቤት ይህች ሚዛን አትጠፋም። ወደ አገር ቤት ስንሄድ 23 ኪሎ እንዳያልፍ ሻንጣ የምናንጠለጥልባት ናት። ለምንሽ ነው ስላት የትምህርት ቤታቸውን የምሳ ቆሻሻ ልትመዝንበት ነው። ፕሮጀክት ተሰጥቷቸዋል፤ ግቢያቸውን "ዘላቂ" ማድረግ። የእንግሊዝኛውን አማርኛ ጠይቃኝ ነው "ዘላቂነት" ያልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሳቄ መጣ። የኤንጂኦ ሪፖርት ላይ እንጂ ሰው ቡና እየጠጣ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት አለበት። ይህን ግዴታ በማድረግ ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በግዴታ የሚሰጥ በጎ ፈቃድ እንዴት በጎ ፈቃድ ይባላል አትበሉኝ፣ እኔም አልገባኝም። ሰዓቱ ፎርም ላይ ይሞላል፣ ይፈረማል። ከልጆቹ አንዳንዱ ሥራውን ይወዳል፣ አንዳንዱ ሰዓት ይቆጥራል። የኔዋ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አልናገርም።

ለአንድ ሳምንት መዘኑ። ማታ ማታ ወሬውን ይዛልኝ ትመጣለች። ያልተከፈተ ወተት። ጥርስ ያላረፈበት አፕል። አፕሉ እንኳን ምክንያት አለው። የመንግሥት የምሳ ፕሮግራም ደንብ እንደሚለው፣ ከሚቀርቡት አምስት የምግብ ዓይነቶች ተማሪው ቢያንስ ሦስቱን ማንሳት አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ፍራፍሬ ወይም አትክልት መሆን አለበት። ልጁ አፕሉን ያነሳል፣ በገንዘብ ተቀባይዋ በኩል ያልፋል፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። ደንቡ ተከብሯል። በ77 ወሎ ውስጥ ልጅ ለነበረ ሰው ይህን ማታ ማታ መስማት ምን እንደሚመስል አልጽፈውም። ዝም ብዬ ራቴን በላሁ።

ልጆቹን ግን አልወቅስም። ያልተነካ ምግብ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አስፈቀዱ፤ የፈለገ ያነሳል። ከካፌው ጀርባ ደግሞ በግንቦት ቲማቲምና ቃሪያ ተከሉ። ባለ ብዙ ስዕል ስላይድ ሠሩ፣ ጭብጨባ ተቀበሉ፣ ፎርማቸው ተፈረመ። በሰኔ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቆምኩ። አረሙ ጉልበት ደርሷል፣ ቲማቲሙ ቆሞ ደርቋል። አንድ ኤልሳልቫዶራዊ የፅዳት ሠራተኛ በባልዲ አንዷን የቃሪያ መስመር ያጠጣል። ለምን እሷን ብቻ ስለው ሳቀና ቃሪያውን ቀጥፎ ወደ አፉ አሳየኝ። እሱ ስላይዱ ላይ አልነበረም።

በጥር ደሴ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት፤ የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ናት። "ጋሼ፣ ግቢያችንን ካላየህ አትሄድም" ብላ ይዛኝ ሄደች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጠዋት ነው። የጥር ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውርጩ ከጦሳ ወርዶ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግቢው አቧራ ነው። በአጥሩ ጥግ የዛጉ ብረቶች ተደርድረዋል። ቀረብ ስል የዴስክ እግሮች ናቸው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የግቢው ዴስክ እንጨቱ ተማግዶ ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጆቹ ሁለት ሁለቱን በሽቦ አስረው ለችግኝ አጥር አድርገውታል። ፍየል አይገባበትም። በመካከሉ ወይራ፣ ጥድ፣ ግራቪሊያ ቆሟል። ቆሟል ስላችሁ ሁሉም አይደለም።

ደብተር አወጣች። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር አለው። ሥራቸው የጀመረው ከዚህ ነው፤ ከመትከል ሳይሆን የሞተውን ከመቁጠር። የመጀመሪያው መስመር ላይ 14 ተተክሎ 3 ብቻ ነው የቀረው። ሌላው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በየዓርቡ ይቆጥራሉ።

"መቼ ነው እነዚህ የደረቁት?" አልኳት።

"ክረምት ላይ አንድም አልሞተም ጋሼ። ትምህርት ሲከፈት ነው መሞት የጀመሩት።"

ቆም ብዬ አሰብኩት። የምንተክለው በሐምሌ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ባለሥልጣኑ በቲሸርትና በኮፍያ ይመጣል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቀዋል፣ ፎቶ ይነሳል። ተማሪው እረፍት ላይ ነው፤ ዝናቡ ግን ሥራ ላይ ነው። በመስከረም ሁሉም ለምለም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በጥቅምት ዝናቡ ያበቃል። በህዳር ውርጭ። በጥር አቧራ። በልጉ ከመጣ ይተርፋሉ፣ በልግ ደግሞ ለወሎ እንደ ዘመድ ነው፤ እመጣለሁ ብሎ ይቀራል። ልጆቹ ጠዋትና ማታ በአጠገባቸው እያለፉ ነው ችግኞቹ የሚደርቁት።

ሜሪላንድ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይደርቃል፤ ደሴ ሲከፈት። እዚያ የጎደለው ሰው ነው፣ እዚህ ውሃ።

ውሃውን እንዴት እንዳመጡት ላሳያችሁ። የማንም ኩባንያ ውሃ ይሁን፣ ጠርሙሱ ሃይላንድ ነው የሚባለው። የሃይላንዱን ክዳን በጋለ ሚስማር ይበሱታል። ቂጡን ይቆርጡታል። ዘቅዝቀው ከችግኙ ሥር ይቀብሩታል። ከላይ ሲሞሉት ከሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። የእህቴ ልጅ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫር አድርጋ አሳየችኝ። ላዩ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው፣ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ሲባል ጥቁርና እርጥብ። ውሃው ከቤት ነው የሚመጣው። እህቴ ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ስለሆነ ንጹህ ውሃ ማንም አይሰጣቸውም። እጣቢ ነው፤ የጤፍ፣ የምስር፣ የጎመን። ሳሙና የገባበት አይፈቀድም። ሁሉም ልጅ ሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ሃይላንድ ይዞ ይገባል። የረሳ ልጅ ሚኒ ሚዲያ ላይ ስሙ ይነበባል። ጭካኔ ነው፣ ግን ይሠራል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። የቀበሩት ሃይላንድ በሳምንቱ ተነቅሎ አለቀ። ማን ወሰደው? የሰፈር ሕፃናት ነቅለው ለቆራሌው ሸጠውታል። ልጆቹ ወደ ርዕሰ መምህሩ አልሄዱም። ቆራሌው ጋ ሄዱ። ሰውዬው አዳመጣቸውና "ከዛሬ ጀምሮ ቂጡ የተቆረጠ አልገዛም፣ አብሽሩ" አላቸው። አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋም። ደብዳቤ የለ፣ ማህተም የለ።

ሜሪላንድ ባለ ሦስት ቀለም ቆሻሻ መጣያ ተደርድሮ፣ ከላዩ ስዕል ተለጥፎ፣ ተማሪው ጠርሙሱን የትኛው ውስጥ እንደሚጥል ቆሞ ያስባል። ደሴ ላይ ጠርሙስ መሬት ነክቶ አያድርም፤ ዋጋ አለው። መሬት ላይ የሚያድረው ዋጋ የሌለው ነው፤ ፌስታልና ገረባ። ገረባውን እንኳን ልጆቹ መላ አግኝተውለታል። ከጫት ተራ በማዳበሪያ ከረጢት ያመጡታል። ለስላሳውን ፍየል ያላቸው ይወስዱታል፣ እንጨቱ ከአመድና ከፋንድያ ጋር ብስባሽ ይሆናል። ፌስታሉን ግን ማንም አልቻለውም። ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሎ ነበር። በ2017 ፓርላማው ጨርሶ የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። እኔ ጥር ላይ አንድ ኪሎ ቲማቲም ስገዛ በፌስታል ሰጡኝ። እዚያ የምኖርበት ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2012 በፈረንጆቹ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ። በቃ፣ 5 ሳንቲም ብቻ። በማግስቱ የኛ ሰው ሽንኩርቱን በክንዱ ታቅፎ ወደ መኪናው ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈረንጅን በዚህ እቀናበታለሁ። ያወጣውን ሕግ ያስከፍላል።

የግቢው ጥበቃ አንድ አዛውንት ናቸው። ልጆቹ "አባባ" ይሏቸዋል። ቅዳሜና እሁድ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ እነዚህ ልጆች የሚያዛልቁት ይመስልዎታል?"

ወደ ተራራው አገጫቸውን ቀሰሩ። "ያ እርከን ይታይሃል? እኔ አለሁበት። በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ድንጋይ ተሸክመናል፣ ዛፍ ተክለናል። 83 ላይ መንግሥት ሲሄድ ጊዜ መጥረቢያ ይዞ ያልወጣ የለም።"

"እርስዎም?"

"እኔስ? ወላሂ ሦስት ሸክም አውርጃለሁ። የመንግሥት ነበር። መንግሥት ሄደ፣ ዛፉም ሄደ።" ዝም አሉ። ቀጥለው "ይኼንን ግን እንጃ፤ እጣቢውን እኔ ነኝ የማንቆረቁረው" አሉ።

እኔም አስታውሳለሁ። 14 ዓመቴ ነበር። ባህር ዛፉ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ቅጠል ቅጠል ይሸት ነበር፣ እኛም ልጆች ደስ ብሎን ቅርንጫፍ ስንጎትት ዋልን። ማን እንደተከለው የጠየቀ የለም። ተካዮቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ነበሩ።

እንግዲህ እኔ ዲያስፖራ ነኝ። ዲያስፖራ አይቶ ዝም አይልም። አንድ ነገር ሳላደርግማ አልሄድም ብዬ ፒያሳ ወርጄ 50 ሜትር የውሃ ጎማ ገዛሁ። ቧንቧው በፈረቃም ቢሆን ሲመጣ ከጥግ እስከ ጥግ ይደርሳል። ተሸክሜ ወሰድኩ። ርዕሰ መምህሩ በጣም አመሰገኑኝ። ሻይ አስመጡ። ከዚያ "በደንቡ መሠረት ገቢ መሆን አለበት" አሉና ጎማው በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። ንብረት ክፍሏ ፈርማ መጋዘን አስገባችው፣ ቆለፈች። ለማውጣት ሞዴል 22 ያስፈልጋል። ለሞዴል 22 የክበቡ ተጠሪ መምህር ጥያቄ ያቅርብ ተባለ። መምህሩ ስልጠና ሄዷል። ርክክቡም ወላጆች ባሉበት፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቢሆን ጥሩ ነው ተባለ። የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። በእጇ ሃይላንዷን ይዛለች።

ስመለስ ለልጄ ፎቶዎቹን አሳየኋት። የተዘቀዘቀውን ጠርሙስ አስፍታ አየችው። "ስንት ሰዓት ተሞላላቸው?" አለችኝ። ሰዓት የሚባል ነገር የለም አልኳት። "ታዲያ ለምን ይሠሩታል?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ "ሚዛኑን መልሼልሃለሁ አይደል?" ብላ ሄደች። በነገራችን ላይ ዘንድሮ የምሳውን ቆሻሻ የመዘነ የለም። የዘንድሮዎቹ ልጆች ሌላ ፕሮጀክት አላቸው።

መጋቢት ላይ ከደሴ መልእክት ደረሰኝ። እንዳለ ልጻፈው። "ጋሼ ጎማው ገና አልወጣም። ንብረት ክፍሏ ወልዳ እረፍት ላይ ናት፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ግን ትናንት ማታ ዘነበ። 11 ቁጥር ወይራን ሞቷል ብለን ሰርዘነው ነበር፣ ከሥሩ አቆጥቁጧል። በእስክሪብቶ ስለሰረዝነው በላጲስ አይጠፋም። አባባ ከጎኑ እንደገና ጻፉት አሉን፣ 11 ብለን ጻፍነው።"