ከይግባኙ በፊት ውሳኔውን የሚያነብ ባለሙያ

የቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያደርገው ነገር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ደብዳቤውን ለአፍታ ቃኝቶ የእምቢታውን ቃል ካገኘ በኋላ ወደ ጎን ያስቀምጠውና ለወዳጅ ለዘመድ እየደወለ «ጎበዝ ጠበቃ» ያጠያይቃል። ድንጋጤው የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የይግባኙ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያው ወደ ጎን በተቀመጠው ደብዳቤ ላይ ለሰፈሩት ምክንያቶች በሚሰጠው መልስ ስለሆነ፣ የባለሙያው መመዘኛም ውሳኔውን መስመር በመስመር ማንበቡ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ።

ይግባኝ ማለት ያንኑ ታሪክ በበለጠ እንባ እንደገና መተረክ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ይግባኝ ሰሚው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ውሳኔ ሰጪ ሕጉን በትክክል ተረድቶታል? የቀረበለትን ማስረጃ መዝኗል ወይስ አልፎታል? አመልካቹ ለተነሳበት ጥርጣሬ መልስ የሚሰጥበት ዕድል አግኝቷል? የመመርመር ሥልጣኑም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ በካናዳ የስደተኞች ጉዳይ ውሳኔን እንዲያጣራ የሚጠየቀው የፌዴራል ፍርድ ቤት በአመልካቹ ቦታ ሆኖ ፈቃድ አይሰጥም፤ ውሳኔው ጉድለት እንዳለበት ካመነ ጉዳዩ በሌላ ኃላፊ እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል። እዚያ ፊት አሳዛኝ ደብዳቤ መደርደር ፋይዳው እምብዛም ነው።

በጥገኝነት ጉዳዮች በተደጋጋሚ የሚታየውን የተአማኒነት ጥያቄ እንውሰድ። ውሳኔ ሰጪው «አመልካቹ በጽሑፍ ማመልከቻው የታሰረው በግንቦት ነው ብሎ በቃለ መጠይቁ ግን ሐምሌ ብሏል፤ ስለዚህ ቃሉ አይታመንም» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ልምድ የሌለው ረዳት ለዚህ የሚሰጠው መልስ «ደንበኛዬ እውነቱን ነው የተናገረው» የሚል ነው። ጠንቃቃው ግን የቃለ መጠይቁን ሙሉ ቃል፣ ካለም የድምፅ ቅጂውን ያስመጣል፤ ጥያቄው በምን ቃል እንደቀረበ፣ አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳስተላለፈው፣ ወሩ ከአንድ የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲዞር ስህተት ተፈጥሮ እንደሆነ፣ ሐምሌ የተባለውም የታሰረበት ሳይሆን የተፈታበት ቀን እንደሆነ አንድ በአንድ ያጣራል። ልዩነቱን ከነገጹና ከነአንቀጹ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከሃያ ገጽ ተማጽኖ ይበልጣል።

አዲስ ማስረጃ የማቅረብ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በካናዳ ለስደተኞች ይግባኝ ክፍል በይግባኝ ባዩ የሚቀርብ አዲስ ማስረጃ ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ የተፈጠረ፣ ወይም ቀድሞ ሊገኝ ወይም ሊቀርብ ይችል ነበር ተብሎ የማይጠበቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰነዱን ከማያያዝ በላይ «ለምን ዛሬ?» ለሚለው ጥያቄ በቂ ማብራሪያ መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያለው ጊዜ ግን አጭር ነው። በብሪታንያ አገር ውስጥ ያለ ሰው ይግባኙን ለፍርድ ጉባኤው የሚያቀርበው በመደበኛው ደንብ ውሳኔው በተላከለት በ14 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ከአገር ውጭ ላለ 28 ቀን ነው። ለካናዳው የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርበው አቤቱታ ደግሞ አገር ውስጥ ለተሰጠ ውሳኔ 15፣ ውጭ አገር ለተሰጠ 60 ቀን አለው። «ጎበዝ» ፍለጋ ሳምንት ያጠፋ ሰው ከ14ቱ ወይም ከ15ቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን አባክኗል።

ፈላጊው ተጣድፏልና አጭበርባሪም የሚገባው በዚህ በር ነው። ብሪታንያ በ1999 ባወጣችው ሕግ ያለ ተገቢው ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠትን ወንጀል አድርጋለች፤ ካናዳም አማካሪዎችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር «ኮሌጅ» የተባለ የሙያ አካል በ2021 ሥራ አስጀምራለች፤ ስለዚህ ስምን በመዝገብ ማጣራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ባለሙያው ባጠፋ ጊዜ ጉዳቱን የሚሸከመው ግን ደንበኛው ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1988 ሎዛዳ በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በጠበቃዬ ጥፋት ተጎድቻለሁ የሚል ሰው ከጠበቃው ጋር የተስማማበትን በመሐላ ቃል እንዲያስረዳ፣ ለጠበቃውም ክሱን አሳውቆ የመልስ ዕድል እንዲሰጥ፣ ለተቆጣጣሪው አካል አቤት ማለቱን ወይም ያላለበትን ምክንያት እንዲገልጽ ጠይቋል። የክፍያና የሥራ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ገንዘብ የሌለውስ? የአሜሪካ ሕግ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በጠበቃ የመወከል መብትን ያውቃል፤ ወጪውን ግን መንግሥት እንደማይሸፍን በግልጽ ይደነግጋል። እንዲህ ያለው መብት በእኔ አስተያየት የከፋዮች መብት ነው። ጠበቃ መመደብ የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል የሚሉ ሰዎች፣ ደካማ አቤቱታዎችን ከበሩ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ጠበቃው መሆኑን ይዘነጋሉ። ሐቀኛ ባለሙያ ደብዳቤውን አንብቦ «የጎደለው ሰነድ ነው፤ ይግባኙ አያዋጣም፤ አሟልተህ እንደገና አመልክት» ሊል ይችላል፤ ያን ከማለቱ በፊት ግን አዲሱ ማመልከቻ እስኪታይ ድረስ በአገሩ የመቆየት መብት መኖር አለመኖሩን ሊያጣራ ይገባዋል። ለእንዲህ ያለው ምክር የተከፈለ ገንዘብ፣ ይግባኝ ሳይጻፍበት ቢቀርም፣ በከንቱ የወጣ አይደለም።