ሁለት ባለ 90

ሰሞኑን አራት ኪሎ ከምንኖርበት ሕንፃ በር ላይ አንዲት አይሱዙ ሁለት ነጠላ አልጋዎች ስታራግፍ ባየሁ ጊዜ አዲስ ተከራይ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ አዛውንት ጎረቤቶቼ ለጋብቻ በዓላቸው ከልጆቻቸው የተበረከተላቸው ስጦታ ኖሯል፤ ባለ 1 ሜትር ከ50 አልጋቸው ወጥቶ ሁለት ባለ 90 ገቡ። ምክንያቱ «አባዬ ያንኮራፋል፤ እማዬ እንቅልፍ አጣች» የሚል ነው። ወይዘሮዋ «እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ እሳቸው ሲያንኮራፉ ነው» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል በገባው ኮመዲኖ ላይ የውሃ ብርጭቆ፣ የደም ግፊት መለኪያና የልጆቹ የምረቃ ፎቶግራፍ ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ጋዋን ለብሰው ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃ ላይ ናቸው ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ፣ ጤንነታቸውን ክፉኛ የሚጎዳ ካልሆነ በቀርም በግብረ ሥጋ እንዲገናኙ ያዝዛል፤ የዕድሜ ጣሪያ ግን አላስቀመጠም። መንግሥት በ60 ዓመት ከሥራ ገበታ ያሰናብታል እንጂ ከትራስ አያሰናብትም፤ ይህን ሁለተኛ ጡረታ ያወጁት ልጆች ናቸው።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥንዶችን ለማማት መሆኑ ግን ያሳዝነኛል። እኔን ትዝ የሚሉኝ እነዚሁ ጎረቤቶቼ ናቸው፦ ለሁለት አንድ መነጽር ይዘው ጋዜጣ ሲቀባበሉ፣ ባልየው ጨው ሲከለከሉ ሚስትየዋም ማንም ሳያዝዛቸው አልጫ መብላት ሲጀምሩ።

የእኔ ቂም ደግሞ የቆየ ነው። በአንድ የሰርግ አዳራሽ እኔና ባለቤቴ ገና ትከሻችንን ማፍታታት ስንጀምር፣ የመድረክ መሪው ሙዚቃውን አስቁሞ «ለእናትና አባታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ፤ ታዳሚውም ከሐኪም ቤት አልጋ ተነሥተን የተራመድን ያህል አጨበጨበ። ባለቤቴ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች፤ ሌሊቱን ሙሉም አልተነሣችም። ያን ማይክራፎን ዛሬም ባገኘው እሰብረዋለሁ። ሰው ከሚስቱ ጋር ሊጨፍር ቢነሣ ምን የሚያስጨበጭብ ነገር አለው?

ወደ አልጋው ልመለስና፣ እርሱስ ቀላሉ ነው። ወይዘሮዋ በመጪው ክረምት ዋሽንግተን ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ለስድስት ወር ይሄዳሉ፤ የታሰበው ትኬት የአንድ ሰው ነው። ባልየው «እኔስ?» ቢሉ «አባዬ፣ በየቀኑ በቪዲዮ ታወራላችሁ» ተባሉ። እሳቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊተኙ ሲሉ በዚያ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን፣ እመጫቷም ያን ጊዜ ሾርባዋን እንደምትጠብቅ ያሰበ የለም። አዛውንቱ ግን ትናንት ለማንም ሳይናገሩ ፎቶግራፍ ቤት ገብተው አምስት በአምስት የቪዛ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ክራቫቱን ያበደርኋቸው እኔ ነኝ።